ስለ አሮጌዋ ፒካፔና ከነላስቲኩ ስላለው ወንበርዎ

ለተከበሩ የከተማችን የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

እንደምን ሰነበቱልኝ ክቡርነትዎ፤ ቤተሰብዎስ፣ ጸሐፊዎስ፣ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚመልሰው ጥበቃዎስ እንዴት ነው? እኔ ላይኛው ሰፈር በአሮጌ ፒካፕ ውኃ የማመላልሰው ሽማግሌ ከመንገሽገሼ በቀር ደህና ነኝ። የእርስዎም ጤና እንደ አዲሱ መኪናዎ ወንበር ከነላስቲኩ፣ ሳይጨማደድና አቧራ ሳይነካው እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም ሟች ባለቤቴ ናት። ልጄ «አባዬ፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልህና ትንሽ ላለሳልሰው» ብላኝ ነበር፤ የሚለሳለስ ነገር ስላጣሁበት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ክቡርነትዎ ማስታወቂያ በሚያስለጥፉበት ሰሌዳ ላይም፣ የእርስዎን እንዳልሸፍን ተጠንቅቄ፣ ጎን ለጎን እለጥፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪዎ ደጄ ድረስ መጥቶ በፒካፔ በር ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ቀባና ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ መኪናዋ ስላረጀች ከዚያ ዕለት ጀምሮ እንዳትንቀሳቀስ፣ በወሩ መጨረሻም ለቁራጭ ብረት እንድትሰጥ ያዝዛል፤ እኔንም በአዲስ እንድተካት ይመክረኛል። ስለ ምክሩ እጅ እነሣለሁ፤ ቅሬታዎቼን ግን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ተቆጣጣሪዎ ኮፈኗን አልከፈተም፣ ሞተሯን አላስነሣም፣ ፍሬኗን አልረገጠም። ሊብሬዋን ተቀብሎ የተሠራችበትን ዓመት አነበበና ከንፈሩን መጠጠ፤ በቃ፣ ምርመራው አለቀ። የበሽተኛን ዕድሜ ጠይቆ ወደ መቃብር የሚልክ ሐኪም ቢገኝ ከዚህ ሰው በላይ አይፈጥንም። በዚህ ስሌት ክቡርነትዎ፣ እኔ ከመኪናዋ በብዙ እበልጣለሁና፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይደርቅ ግንባሬን ቢያስቀቡልኝ ሁለት ጊዜ ዳገት ከመውጣት ትድኑ ነበር።

ሁለተኛ፤ በአዲስ ተካ ስላሉኝ፣ የአዲሶቹን ኑሮ ጠጋ ብዬ ለማየት ሞክሬአለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ያስመጣቸው ፒካፖች የዕቃ መጫኛ ካሶኒያቸው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸዋል። የሰፈራችን ሽማግሎች አንድ ቀን እንኳ የውኃ በርሜል እንዲያደርሱልን ብንለምን ቀለማቸው ይጫራል የሚል መልስ በትሕትና ተሰጠን። ሰው ይጠማ እንጂ ቀለም አይጫር፣ ገብቶናል። የእኔይቱ በግራ ጎኗ ያለውን ጠባሳ ያገኘችው ከአናጺው አልጋ ነው፤ የቀኙን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሲዛወር ከዴስኮቹ። አንዱም ጠባሳ ቆማ በመዋል የመጣ አይደለም።

ለመሆኑ እነዚያ አዳዲሶቹ የተመረቁ ዕለት ድንኳኑንና ወንበሩን ማን እንዳመጣው ያስታውሳሉ? ሾፌርዎ ቤቴ መጥቶ «አባባ፣ የዛሬን ይተባበሩን፤ አዲሶቹ እንዳይቆሽሹብን ነው» ብሎ ለመነኝ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ክቡርነትዎ ቆመው ንግግር ያደረጉበትን መድረክ ሳይቀር ተሸክማ የመጣችው ይህችው ኤክስ የገባባት ናት። አራግፋ ስትጨርስ ካሜራ ውስጥ እንዳትገባ ተብላ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ እንድትቆም ተደረገች፤ እኔም አብሬያት ቆምኩ። ሽታውን ችዬ፣ ስለ ሥራ ክቡርነት የተናገሩትን በአጥሩ ቀዳዳ አዳመጥኩ። አጨብጭቤም ነበር፤ ላይሰሙኝ ይችላሉ።

ሦስተኛ፤ እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም እንደሚነገርዎ፣ ቧንቧው የሚያልቀው ዳገቱ ግርጌ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰው የሚጠጣውም የሚታጠበውም በዚህች አሮጌ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ሞተሯ ሲያኮርፍ ሰፈርተኛው «ደግሞ አኮረፈች እንዴ?» እያለ እየሳቀ ይገፋል፤ ትነሣለች፤ ታደርሳለች። ከቆመች ወዲህ ሴቶቹ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ፤ የክሊኒኩ አዋላጅም ምጥ የያዛትን ሴት ቤተሰብ «ውኃ ይዛችሁ ኑ» ማለት ጀምራለች። ዘመናዊነት የሚሉት ይህን ነው መሰለኝ። እናቶቹ ስም ሲያወጡ ክቡርነትዎን እንዲያስቡ አሳስባቸዋለሁ።

የመጨረሻውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከሌሎቹ ጋር ተራ እንዲይዝ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ፒካፗን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት፤ ጠዋት የራሴን ፊት ሳልታጠብ እሷን አጥብ ስለነበር። «ለእሷ ከምታፈሰው ሳሙና ሩቡን ለእኔ ብታደርገው ይኸኔ ሙሽራ እመስል ነበር» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የመኪናዋ ወንበር ሲቀደድ ግን «ጣውንትም ብትሆን ራቁቷን አትሄድም» አለችና ከአሮጌ መጋረጃ የወንበር ልብስ ሰፋችላት፤ የጣውንቷ ቀሚስ ነው ስሙ። ሐኪም ቤት ስወስዳት እዚያ ላይ ተቀምጣ ነው የሄደችው፤ ስመለስ ወንበሩ ባዶውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። በሌላው ሁሉ እሺ ባይ ብሆንም በዚህ ክፉ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ካሶኒ ላይ ይወጣል።

ተቆጣጣሪዎ በሩን ቀብቶ ሲያበቃ፣ በሩን ከፈተና ጣቶቹን አንድ በአንድ በዚያ ቀሚስ ላይ ጠረገ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እንዲህ ያለ ጸያፍ ነገር በዓይኔ ፊት ይደረጋል ብዬ ስላልጠበቅሁ፣ ተደርጎ ካለቀም በኋላ ገና እየተደረገ መሰለኝ። እሱ ምን ያድርግ፤ የእናንተ ወንበሮች በላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው፤ ላስቲክ ደግሞ እጅ አያደርቅም። በሳሙና አሸሁት፣ በጋዝ አሸሁት፤ አይለቅም። በሩ ላይ ያለው ኤክስዎ ግን በመጀመሪያው ዝናብ መፍሰስ ጀምሯል፤ የመንግሥት ቀለም የት እንደሚጸና የሚያውቅ ይመስላል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እጁን ታጥቦ የመጣ፣ ኮፈኗን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይላኩልኝ። ፍሬኗ ደክሞ ከሆነ ይንገረኝ፤ አሠራዋለሁ፤ አይሠራም ካለኝም በገዛ እጄ አቆማታለሁ። ሰው የምጭንባት እኔ ነኝና ከእርስዎ ይልቅ የምፈራው እኔ ነኝ። ሳትታይ ትቆረጥ ከተባለ ግን፣ በወሩ መጨረሻ የሚመጡት የቁራጭ ብረት ሰዎች እኔን መሪው ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል። አጠገቤ ያለው ወንበር እንደተለመደው ባዶ ይሆናል። እንድወርድ አይለምኑኝ፤ አብረው ይመዝኑን።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ወደፊትም ስለማይሰጡኝ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ምክሩና ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ስለ ተሰጠን የክብር ቦታ ምስጋናዬን ደግሜ ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩ፣

የላይኛው ሰፈር ውኃ አመላላሽ፣
የሁለት ጣውንታሞች ባል

ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ልለጥፍ ስነሣ ሾፌርዎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በሬን አንኳኳ። አዲሱ መኪናዎ ክቡርነትዎን እንደያዘ ዳገቱ ግርጌ ሰምጧልና «አባባ፣ እንደ ሁልጊዜው ጎተት ያድርጉልን» አለኝ። ሕግ አክባሪ ነኝና ገመዱን ሰጥቼዋለሁ፤ መኪናዋ ግን በእርስዎ ፊርማ እንደቆመች ናት። ሲወርዱ ይጠንቀቁ፤ ላስቲክ ያንሸራትታል። ከጭቃው ሲወጡም እጅዎን የሚጠርጉበት ካጡ ይላኩብኝ፤ ያ የሰጡኝ ወረቀት እኔ ዘንድ አለ፤ ለስላሳ ነው።