ማንም ያልተመለሰበት ጭፈራ

ለናፈቅኸኝ ወንድሜ ለሜሪት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የመርከብ ላይ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ ትራክተር ትንደቀደቃለህ? ጣቶችህስ? የአላስካ ብርድ እጅ ያደነዝዛል ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ስለ ዓሣ መረቡ ሳይሆን እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለቀረው ቫዮሊንህ አስባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከአንተ በቀር የጎደለብን የለም፤ እሱ ግን አልለመድ ብሎናል።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ጭፈራ አወጣሁ። መቼም ልማዳችንን አልረሳኸውም፤ አንድ ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ ወይም ርቆ ሲሄድ ጭፈራ ይወጣለታል። እኔም "የሜሪት መመለስ" ብዬ ሰየምኩት። ያለፉትን ወራት ሙሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዤ፣ የጨው ብልቃጡን ወንድ፣ የቁንዶ በርበሬውን ሴት አድርጌ ከወዲያ ወዲህ ሳመላልስ ከረምኩ። አባባማ ለጎረቤቱ ሁሉ "ጨው አቀብይኝ ስላት፣ ቆዩ አባባ፣ ጨው እየጨፈረ ነው ትለኛለች" እያሉ አሳቁብኝ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ በገበሬዎቹ አዳራሽ ሰዉ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰለፈ። እኔም መድረኩ ላይ ወጥቼ "ጎረቤትህን ያዝ! አሹር! እለፍ!" እያልኩ አስጨፍር ጀመር። ብዙም ሳንቆይ ጋሽ ዌንዴል ከሰልፉ መሃል ጮኹ፦ "አንቺ ሎርና! ስሙ መመለስ ነው፤ እስካሁን የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም! የሰው ሚስት ሁሉ አቅፌ ሾርኩ፤ የራሴዋ የት ገባች?" ሚስታቸው እትዬ ዶት ከወዲያ ሆነው "ተይው ልጄ፣ ስንት ዓመት የጠበቅኩት እረፍት ነው!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እውነታቸውን ነው። ሰውን ሁሉ ወደ ጎረቤቱ እቅፍ ስሰድድ አብሮት ወደተሰለፈው ጥንዱ መመለሱን ረስቼዋለሁ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ቢለያዩ አያኮርፉ፣ በምን ልወቅ? አፈርኩ። ግን ሙዚቃ እያለ እዚህ አገር ማን ያቆማል? ዙሩን ለምደውት ስለነበር እኔም እንደ አስጨፋሪ ደንብ ትእዛዜን አቆምኩ።

ይኼኔ ከአባባ ጋር የሚጨፍሩት እትዬ ኢኒድ ጉልበታቸውን አሟቸው ተቀመጡና አባባ ሰልፉ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ከመድረኩ ዘልዬ ወርጄ እጃቸውን ያዝኩ። ጫፍ የደረሰ ሰው መቼም የሚገጥመው ጎረቤት የለውም፤ ተራው እስኪደርስ ከጥንዱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መቆም ነው። በዚያ በጉደኛ ጭፈራዬ ሰው ከራሱ ጥንድ ጋር የሚገናኘው እዚያች ጫፍ ላይ ብቻ ነበር።

አባባ እኔን አላዩኝም። ዓይናቸው በአንተ ቦታ ቫዮሊን የሚጫወተው ሆሊስ ላይ ነው።

"ይቸኩላል" አሉኝ።

"ይቸኩላል" አልኩ።

"ያ ልጅ አሁንም ዓሣ ላይ ነው?"

ሜሪት፣ ከሄድክ ወዲህ አባባ ስለ አንተ ሲያነሱ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ላሞቹን ሸጠን አንተ ሻንጣህን ያነሳህ ቀን "ከሄደ አይመለስ" ያሉህን ይዘህ እንደቀረህ አውቃለሁ። እሳቸውም ዝም አይነቅዝም ብለው ስምህን ሳያነሱ ኖሩ። "አዎ፣ ዓሣ ላይ ነው" አልኳቸው።

"ቫዮሊኑ ደኅና ነው በይው" አሉኝ።

እንዴት አወቃችሁ ብላቸው ነገሩኝ፤ ለካ ምድጃው ቤቱን ሲያደርቀው እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ በሳህን ውሃ የሚያኖሩለት እሳቸው ናቸው! እኔ ሞኟ ሳህኑን የድመቷ ይመስለኝ ነበር። እሑድ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አውርደው ክሩን ይቃኙታል፤ አንድ ዜማ እንኳ የማይችሉት ሰውዬ! "ምነው ሳትነግሩኝ?" ብላቸው "ማን ጠየቀኝ?" አሉ። ወዲያው "ግቢ፣ ተራችን ደርሷል" ብለው ጎትተው ወደ ሰልፉ አስገቡኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዌንዴል ፖስታ ቤት ባገኙኝ ቁጥር "ሚስቴን መልሽልኝ" ይሉኛል። ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሞክሬው ልክ ገብቷል። ግን አንተ መጥተህ እስክትጫወትልኝ አልነካውም። እትዬ ዶት እስከዚያው ይረፉ። ናፍቀኸኛል ወንድሜ፣ መንገድ መንገድ እያየሁ ዓይኔ ፈዘዘ።

እትዬ ኢኒድ ጉልበታቸውን እያሹ ሰላም ይሉሃል። ሆሊስ ቦታህን ሞቅ አድርጌ ጠብቄልሃለሁ ይልሃል። ድመቷም ደኅና ናት፤ ሳህኗ ሌላ ነው። አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው "ለማን ነው የምትጽፊው?" አሉኝ አሁን። "ለሜሪት" አልኳቸው። ሾርባቸውን ጨርሰው፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ "ቀጭኑ ክር ሊበጠስ ነው። ሲመጣ አዲስ ይዞ ይምጣ በይው።"

እህትህ ሎርና

ሃርሎው ሚልስ፣ ኒው ሃምፕሸር
ኖቬምበር 11 ቀን 1979