ከኑራ ጣራ የወደቀው ሰውዬ

ውድ ሱሌማን፣

ከተፋታን ወዲህ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ እንዴት እንደሆንክ ፈሀድ ነግሮኛል። ደስታዬን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የጻፍኩልህ።

የእህቴ ልጅ ፈሀድ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ገብቷል። ዓረብ አገር ሄደው ፎቅ ለሚሠሩ ልጆቻችን የደህንነት ትምህርት ያዘጋጃሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር በአማርኛ እያወራ ያስተምራቸዋል፤ ጠዋት በር ላይ አሰልፎ አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል፤ ካልመለሱ አያሳልፋቸውም። ታዲያ ክረምት ላይ ዳባት መጥቶ "አክስቴ፣ ሠራተኞቹ የፈረንጅ ምሳሌ ስንነግራቸው ይተኛሉ። ከኛ አገር ከጣራ የወደቀ ሰው ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አንተ ሙት፣ ካንተ ሌላ ማን ይመጣልኛል?

ሁሉንም ነገርኩት። ደባርቅ ባቄላ ልገዛ ብለህ ወጥተህ አምባ ጊዮርጊስ የኑራን ቆርቆሮ ልትመታ መሄድህን፣ ያለ ገመድ፣ በዚያ በሚያንሸራትት የክት ጫማህ ጣራ ላይ መውጣትህን። ስትወድቅም ኑራ ሰው እንዳያይባት እስኪመሽ በር ዘግታብህ፣ ሳትታከም ቆይተህ እግርህ ጠሞ መቅረቱን። የሚኒባሱ ሾፌር አለምነህ ሱቄ ድረስ መጥቶ "ባልሽ ከጣራ ወድቋል" ሲለኝ "ከማን ጣራ?" አልኩት። አቀርቅሮ "እሱን ራሱ ይንገርሽ" አለኝ።

ስምህን አላስጠራሁም። ታሪክህ ትምህርት አራት ሆኖ ገባ፤ "አንድ የዳባት ነጋዴ" ነው የሚልህ። አንተ ግን እዚያው ዓረብ አገር ፎቅ ሥራ ላይ ለባልደረቦችህ መኪና ገጭቶኝ ነው ስትል ኖረህ፣ የዳባትና የዛሪማ ልጆች ትምህርት አራትን ሰምተው እግርህን ሲያዩ ገባቸው። "ጋሼ ሱሌ፣ ጣራው አሁንም ያፈሳል?" ይሉሃል አሉ።

ትናንት ፈሀድ ደወለ። "ሱሌማን ትምህርት አራትን አጥፉልኝ እያለ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ማለፍ አቅቶት ፎቅ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ በዚህ ወር ካላለፈ ወደ አገሩ ይመልሱታል። ታሪኩ ያንቺ ነው፣ አጥፋ ካልሽኝ አጠፋዋለሁ።"

"እንዳትነካው።"

"አክስቴ፣ አትጨክኚ።"

"የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር ይጠፋል እንዴ፣ ልጄ?"

እውነቴን ነው። ያን ትምህርት የሰሙት ልጆች ያለ ገመድ መውጣት ትተዋል አለኝ። ለእኔ ያልጠቀምክ ሰውዬ ለስንቱ ጠቀምክ።

ብትመለስም የምታርፍበት የለህም። ኑራ አግብታለች፤ ቆርቆሮዋንም አዲሱ ባሏ ወገቡን በገመድ ታስሮ መትቶላታል።

ስለዚህ መልስ። ማሽኑ የሚጠይቅህ "ሰውዬው የት እንደሚሄድ ለቤተሰቡ ለምን አልተናገረም?" ብሎ ነው። "ረስቶ" ብለህ ሞከርክ፤ አልተቀበለህም። "ቸኩሎ" ብለህ ሞከርክ፤ አልተቀበለህም። መልሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፦ "ሚስቱ እንዳታውቅበት።" ሰልፉ መሀል ቆመህ ጮክ ብለህ በለው፤ ሹክሹክታ አይሰማም።

ፎቅ መውጣትህን የምጠባበቅ፣
ዙሀራ፣ ከዳባት