ለክቡር ዮአቭ፣ የመጠለያችንን ቁልፍ ይዘው ቆጵሮስ ለገቡት

ለክቡር አቶ ዮአቭ፣
የሕንጻችን ቫአድ፣ ማለትም የነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ሊቀ መንበር፣
ላርናካ፣ ከባሕሩ ማዶ።

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ነን ስል በሕይወት አለን ማለቴ ነውና ከዚያ አልፈው እንዳይተረጉሙብኝ አደራ እላለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ጀልባዎና በአዲሱ በረንዳዎ ላይ የተከሏት የሎሚ ዛፍ ሁሉም ሰላም እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ፀሐይዋ አልጠይቅም፤ በእርስዎ በኩል እንዴት አምራ እንደምትጠልቅ በሕንጻችን ዋትስአፕ ላይ በየቀኑ ስለሚያሳዩን ደኅንነቷን እናውቃለን።

እኔ ፀጋው እባላለሁ። በባሕር ዳርቻው ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ጥገና ክፍል የምሠራ፣ ከእናቴ ከእማ ሸጋዬ፣ ከባለቤቴ ከሙኒትና ከልጄ ከኖጋ ጋር በሁለተኛው ፎቅ የምኖር ጎረቤትዎ ነኝ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «አሒ» የሚሉኝ ሰው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ የሚሉኝ ስሜ ስለጠፋዎ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፣ እኔ ግን አላምናቸውም።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርምዎ። አማርኛ እንደማያነቡ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቋንቋውን የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው። እኔ ሰውን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ግልጽ ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ተቀባዩ ባያነበው ደስ ይለኛል። በዚህ ትሕትና መሠረት ምስጋናዬን በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ጓጉንቸሩ አመሰግናለሁ። ሕንጻችን አሮጌ ስለሆነ እንደ አዲሶቹ ሰፈሮች እንደ ኪርያት ሀሻሮንና እንደ ኢር ያሚም ፎቆች በየቤቱ ሚሳይል የሚችል ክፍል የለንም፤ ያለችን አንዲት ሚክላት ናት፣ ምድር ቤት ያለች የጋራ መጠለያ። እርስዎ ልጆች እየገቡ እንዳያቆሽሿት አስበው በብረት በሯ ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠሉባት፤ ለሥርዓት ሲሉም ቁልፉ አንድ ብቻ እንዲሆንና በኪስዎ እንዲኖር ወሰኑ። በስብሰባው ላይ «ሐቬሪም፣ ወዳጆቼ፣ ቁልፉ በአስተማማኝ እጅ ነው» ሲሉን አጨብጭበናል። እውነትዎን ነበር። ሚሳይል መዝነብ በጀመረበት ሰሞን አየር ማረፊያው ሲዘጋ ያ አስተማማኝ እጅ ከነቁልፉ በጀልባ ተሳፍሮ ቆጵሮስ ገባ። በዚያ ሳምንት ከመላው ናታንያ የዚያን ቁልፍ ያህል በደኅና ቦታ የተቀመጠ ነገር አልነበረም።

፪ኛ. ስለ ደረጃችን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው አዛካ፣ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው፣ በጮኸ ጊዜ ቁልፉ ባሕር መሻገሩን ገና አልሰማንምና ሁላችንም ወደ ሚክላት ልንወርድ ተነሣን። የተሰጠን ጊዜ ደቂቃ ተኩል ነው። እኛ ደግሞ ታላቅን ቀድመን ደረጃ አንወርድም። እናቴ ጉልበቷን ይዛ አንድ በአንድ ስትወርድ እኔ ከኋላዋ፣ ሙኒትና ኖጋ ከኔ ኋላ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ዘመነ ከነቤተሰቡ ከእነርሱ ኋላ እንደ ሰርገኛ ተሰልፈን ተከተልናት። ዘመነ ከነጭንቀቱ «ኧረ አይቸኩሉ እማ ሸጋዬ፣ ቀስ ይበሉ» ይል ነበር። እናቴ አንደኛ ፎቅ ስትደርስ ከፈረንሳይ የመጡት ባልቴት ማዳም ኤልያና ውሻቸውን አቅፈው ብቅ ሲሉ አየችና እንግዳማ መቅደም አለበት ብላ ቆመች። ማዳም ኤልያና ከመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለእናቴ ግን እንግዳ ናቸው። «ይቅደሙ» አለቻቸው በአማርኛ፤ እርሳቸውም በፈረንሳይኛ «እርስዎ ይቅደሙ» ያሏት ይመስለኛል። ሁለቱ ሲገባበዙ ሰማዩ ከበላያችን ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ። በሩ ዘንድ ስንደርስ አዛካው አብቅቶ ነበርና ጓጉንቸሩን ያየነው በሰላም ጊዜ ነው። ስለዚህ «በቁልፉ አለመኖር የደረሰ ጉዳት የለም» ብለው ከላርናካ የጻፉልን መግለጫ ትክክል መሆኑን እመሰክራለሁ።

፫ኛ. ይህኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ እምቢ ብሎኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ አዛካ ሲጮህ ከአልጋዋ አትነሣም። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ ዘመነ መጥቶ እግሯ ላይ ቢወድቅ በጀ አላለችም። «የሚከፍት በሌለበት በር ምን ልሁን ብዬ እወርዳለሁ? ደረጃ ላይ እንደ ሌባ ተኮራምቼ ከምሞት እዚሁ አልጋዬ ላይ ይምጣብኝ» ትላለች። እኔም ጥያት አልወርድም። ሙኒት ኖጋን ይዛ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ እኔ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቤ እጇን እይዛለሁ። አዛካ በጮኸ ቁጥር ቤተሰቤ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ ግማሹ ቢተርፍ ግማሹ ላይተርፍ። ክቡር ሆይ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ እፈራለሁ። ሞተር ብስክሌት በመንገድ ሲያልፍ እንኳ ልቤ ይወርዳል። ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለእርስዎ የምነግርዎ በማያነቡት ቋንቋ ስለሆነ ነው።

፬ኛ. ስለ መልካም አርአያነትዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ በዋትስአፓችን ላይ «እዚህ ጸጥታ ነው፣ በኛ ሕንጻ የሚከራይ ቤት አለ፣ ለጎረቤት ቅድሚያ እንሰጣለን» ብለው ከጻፉ ወዲህ ባለቤቴ ሙኒት ሌላ ወሬ የላትም። «ፀጋው፣ ዳይ! በቃኝ! ካፍሪሲን በማቶስ ሻዓ አሐት ናት፣ ከዚህ ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ከምትሄድበት ትቀርባለች» ትለኛለች። ቆጵሮስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት መሆኗን አጣርቻለሁ፤ ልክ ናት። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው መናፈሻ ቆሜ ወደ ምዕራብ ባየሁ ቁጥር ጎረቤት አገር የሚባለው ያ ሰማያዊ ባዶ ነገር ይጠራኝ ጀመር። ሌሎቹን ጎረቤት አገሮቻችንን ቆጥሬ አይቻቸዋለሁ፤ ለጊዜው ቤት የሚያከራዩን አይመስለኝም።

እናቴ ግን ወሬውን ስትሰማ ሳቀች። ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ከሕዝብ ጋር ተደራርባ፣ እኔን በጉያዋ ይዛ ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት። «ኢየሩሳሌም አድርሰን ብለው ሲጸልዩ የኖሩ አባቶች ነበሩን፤ ቆጵሮስ አድርሰን ብሎ የጸለየ ግን ሰምቼ አላውቅ። እናንተ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል» አለች። ሙኒት ቤቱ ሰፊ ነው፣ ባሕር ያሳያል፣ ሰዉ ደግ ነው እያለች ብታባብላት፣ «አገባሽ ያለ ላያገባሽ ከባልሽ ሆድ አትባባሽ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ሆነ፦ ሚስትና ልጄን ይዤ እናቴን ከነአልጋዋ መተው፣ ወይም ከእናቴ ጋር ቀርቼ ሚስትና ልጄን ደረጃ ላይ ማስቀመጥ።

፭ኛ. ስለ ምሳው ከልብ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት በረራ እንደተከፈተ ወደ ላርናካ መጥቼ ነበር። ለእርስዎ የሚከራየውን ቤት ለማየት ነው የመጣሁት ብልዎም በሆዴ የያዝኩት ቁልፉን ነበር፤ ቁልፉን ካመጣሁ እናቴ ትወርዳለች፣ እናቴ ከወረደች ማንም ማንንም ትቶ አይሄድም ብዬ። በባሕሩ ዳር ስንሄድ ግራና ቀኙ ሁሉ ዕብራይስጥ ሲንጫጫ ናታንያን ትቼ ናታንያ የገባሁ መሰለኝ። እርስዎ አዲሱን ሕንጻ አስጎበኙኝ፤ እዚያም በሙሉ ድምፅ የቫአድ ሊቀ መንበር ሆነው መመረጥዎን በደስታ ነገሩኝ። ምድር ቤቱንም አሳዩኝ። በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ነበር።

ከዚያ ባሕሩ ዳር አስቀመጡኝና ለኔ የሚሆነውን ጠይቀው ዓሣ አዘዙልኝ፤ ደግነትዎን አልክድም። ኪስዎ ስለቆረቆርዎ ቁልፎችዎን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨውና ከተቆረጠው ሎሚ መካከል አስቀመጧቸው። ቀይ ፕላስቲክ የተጠመጠመባትን ወዲያው አወቅኋት። የኛ ናት! እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። «ለመሆኑ አቶ ዮአቭ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ገና ይህን ስል ከራስዎ ሳህን ትልቁን ቁራሽ አንሥተው ለኔ አስቀመጡልኝ። የጎረሰ አፍ እንዴት ይጠይቃል? የበላበትን ወጭት ሰባሪ መባልን ፈራሁ። ደግሜ «ለመሆኑ» አልኩና ስለ አየሩ ጠየቅሁዎ፤ አየሩ ጥሩ ነው አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ «ለመሆኑ» ብዬ ስለ ልጆችዎ ትምህርት ጠየቅሁ። ቡና ሲመጣ ቁልፎችዎን ወደ ኪስዎ መለሱ፤ እኔም አመስግኜ ተነሣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ራሴን ሰደብኩ። በገዛ ሕይወቱ ላይ ይሉኝታ የያዘው እንደኔ ያለ ሰው በዚያ አውሮፕላን ላይ አልነበረም።

ቤት ስደርስ እናቴ ቀና ብላ «ቁልፉን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ምሳ ጋበዘኝ» አልኳት። «ታዲያ ሚሳይሉ ሲመጣ ምሳ በልቻለሁ ትለዋለህ?» አለችና ሻሿን አስተካክላ ተኛች። ሙኒት ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ታወርድ ጀመር። ኖጋ ግን እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ነገሩ ጨርሶ አልገባትም። «አባ፣ ማ ከሼ? ምኑ ይከብዳል? ቁልፉን ስጠኝ ትለዋለህ፣ ዜሁ፣ በቃ!» አለችኝ። ምን እንደሚከብድ ላስረዳት ሞክሬ፣ ጮክ ብዬ ስናገረው ለራሴም አልገባኝ አለ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህን ነው፦ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ ቁልፉን ቢልኩልን። ሁለቱን መጠለያ በአንድ ኪስ ከባሕር ማዶ መጠበቅ ድካም እንዳለው ስለምረዳ፣ የአንደኛውን ሸክም ልንጋራዎ ስምንት ቤተሰብ ተዘጋጅተናል። ካልተመቸዎ ግን ግድ የለም፣ አይጨነቁ፤ እኛ ለምደነዋል።

ጤናና ዕድሜ ይብዛልዎ፤ ባሕሩ ጀልባዎን በፍቅር ያቅፋት፤ ሎሚዎ ያፍራ፤ የሚጠብቁት በር ሁሉ እንደተዘጋ ይኑር እያልኩ፣ በሁለተኛው ፎቅ ከአልጋ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጬ ምስጋናዬን የማቀርበው

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ፀጋው
ናታንያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ልከተው ስል ኖጋ ነጠቀችኝና ወደ ዕብራይስጥ መልሳ በሕንጻው ዋትስአፕ ለቀቀችው። ስለ ፍርሃቴ የጻፍኩትንም ሳትቀንስ። በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሙኒት አነበበችውና አጠገቤ ተቀመጠች። እርስዎም «ቁልፉን ከበዓላት በኋላ አመጣለሁ፣ ሁላችሁንም እወዳለሁ» ብለው ከነቀይ ልብ ስዕሉ መለሱልን። የትኞቹ በዓላት እንደሆኑ ስላልገለጹልን ዘመነ ብረት መቁረጫውን ይዞ ወረደ። ማዳም ኤልያና መብራት ያዙለት።

ሚክላቷ ውስጥ የእርስዎን ሁለት ካያክ፣ አንድ የስፖርት መሣሪያና ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ አገኘን። ካያኮቹን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀምጠንልዎታል፤ ሶፋውን ግን አስቀርተነዋል። ትናንት አዛካው ሲጮህ እናቴ ማንም ሳይለምናት ነጠላዋን አጣፍታ ከአልጋዋ ተነሣች። አራታችንም አንድ ላይ ወረድን፤ እኔ እዚያ ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሻንጣው ወደ ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል።

እማ ሸጋዬ ሶፋዎ ላይ ተቀምጣ ያዘዘችውን እዚህ ላይ ላድርስ፦ «ያ ሰው ሲመጣ ቦታ አስጠጉለት፤ አዛካ እየጮኸ ሰው ውጭ አይተውም።» ስለዚህ በመጡ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ኪስዎን አይዳብሱ፤ ዝም ብለው ይግቡ።