የመጋረጃው ቀለም

ማክሰኞ ረፋድ፣ ከመስኮቱ አጠገብ

የሆዴ ፍሬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጥናቱስ እንዴት ይዞሻል? "ፈተናዬን እንደጨረስኩ እመጣለሁ" ያልሽበት ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነው። እያወጣሁ ስለማነበው አባትሽ "ፊደሉን አፈዘዝሽው እኮ" ይለኛል።

ባለፈው እግሬ አብጦ፣ ጋደም ስል ትንፋሽ እያጠረኝ ቁጭ ብዬ እንደማድር ጽፌልሽ ነበር። አባትሽ መድኃኒት ቤቱ ጓሮ ካለው ደወል መሳይ አበባ ቅጠል ጠብታ ቀመመልኝ። መርዝ ነው። ትንሽ ሲሆን ለደከመ ልብ ጉልበት ይሰጣል፣ ሲበዛ ያቆመዋል። ልጅ ሳለሽ ነካሽው ብሎ ቤቱን በጩኸት ያቀለጠው ሰውዬ፣ እናትሽን በየማለዳው ያጠጣት ጀመር! ሴት ባሏን እንዲህ ካላመነች ምን ትዳር አለ?

ጠብታው ነፍስ ዘራብኝ። እብጠቱ ጎደለ፣ ተንጋልዬ መተኛት ቻልኩ።

ከዚያ ዓለም ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ መጋረጃው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ኋላ ዝናቡ ሳይቀር። ብታይው እንዴት ደስ ይላል! የመንገዱ መብራት ሁሉ ቀለበት አጥልቋል፣ የአባትሽ ሽበት ወርቅ ሆኖ ሙሽራ አስመስሎታል። ቀኑን ሙሉ የማላውቀው አገር ውስጥ እየተንሳፈፍኩ እውላለሁ። ምግብ ብቻ አስጠልቶኛል።

አባትሽ ይህን ጠብታ የሚወስድን ሰው ሁሉ፣ ነጭ ሳህን አንስቶ "ቀለሙ ምንድነው?" ሳይል አያጠጣም። ቢጫ ያለ ሰው መርዙ በዝቶበታልና ጠብታው ይቋረጥበታል። አብሬው ቅጠል ስወቅጥ ስለኖርኩ አውቃለሁ። ከተቋረጠብኝ ደግሞ ትንፋሼ አንቺ እስክትመጪ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ስለዚህ በየማለዳው አፌን ሞልቼ "ነጭ" እለው ነበር። አትቆጪኝ።

ዓርብ ጠዋት እንደልማዱ ሳህኑን አነሳልኝ።

"ቀለሙ ምንድነው፣ እመቤቴ?"

"ነጭ ነዋ! ወተት የመሰለ።"

ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ "ይሄኛው እንኳ ቢጫ ነው" አለኝ።

ጠርጥሮኝ ለዚሁ ብሎ ቢጫ ሳህን ገዝቶ ኖሯል! እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ልስቅ ስል ዓይኑ እንባ ሞልቶ አየሁት።

"በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር እኮ!"

"እሷን ሳላያት ልሂድልህ ታዲያ?"

የጠብታውን ጠርሙስ ይዞ ወጣ፣ ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። ከዚያ ወዲህ ትራስ በትራስ ላይ እየደራረበልኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያድራል። አንጀቴን በላው። እንዳልተቀየምኩት ንገሪልኝ፣ እኔ ስለው አያምነኝም።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት "ደህና ነኝ፣ ተረጋግተሽ ተፈተኚ" ልልሽ ነበር። አሁን ቀና ስል መጋረጃው ከጥጉ መንጣት ጀምሯል። እግሬም ዳግም አብጦ ጫማዬን እምቢ ብሏል።

መንገድሽ ይቅና፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ። ፈተናውን ግን ተዪው፣ ልጄ። ቤቱ ሁሉ ሳይነጣ ነይልኝ።

ውሸታሟ እናትሽ