ወንድሜን የሰረቀኝ ሮይስ

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 8
ዛሬ ሽጉጥ ወደማስተምርበት ክፍል የመጣው ሦስት ሰው ብቻ። የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ወንበር ደርድሬ ነበር... መልሼ አጣጠፍኩት። ከዚህ ወር ጀምሮ የሽጉጥ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት መማር ይችላል ተብሏል። ይማር። ተኩሱን ግን ስክሪን ላይ አይተኩሰውም፤ ለእሱ እኔው ሜዳ ድረስ መምጣቱ አይቀርም።

ሮይስም የኢንተርኔት ክፍል ከፍቷል አሉ። ስድስት ዓመት ረዳቴ የነበረው ሮይስ። ዒላማ መለጠፍ እንኳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደውሎ "እትዬ፣ ልጀምር ነው" ቢለኝ ምን ነበረበት?

ለእናቴ፣ ለእማማ የዶሮ ሾርባ ወሰድኩላት። "ጨው የለውም" አለች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ገና አላረጀም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15
የሮይስ ተማሪዎች ለተኩስ ፈተና መጡ። አራት ናቸው። አንዷ ማርላ የምትባል፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ። ጥይት እየሞላች...

"እትዬ ኔልዳ፣ የሮይስ ወንድም እንዴት እንደሞተ ሰምተዋል? ቪዲዮው ላይ አለ። አልቅሼ ልሞት ነበር።"

"ሮይስ ወንድም የለውም።"

"ኧረ ነበረው። ዘጠኝ ዓመቱ። የአባትየው መኪና ወንበር ሥር ሽጉጥ አግኝቶ..."

ይሄ ቶቢ ነው። የኔ ቶቢ። ሽጉጥ ስለማስቀመጥ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሙሉ የምናገረው የወንድሜ ሞት። ሮይስ የራሱ አድርጎ ያለቅስበታል።

ሦስቱን ጣልኳቸው። ሃምሳ ጥይት ነው፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ ነጥብ መቶ ሰባ አምስት ያመጣ ያልፋል። አንዱ መቶ ሰባ አራት አመጣ። የዒላማውን የነጥብ መስመር የነካች አንዲት ጥይት ነበረችው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጥርለት ነበር። አልቆጠርኩም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? የኔ ማጭድ የነጥብ ወረቀቱ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 16
ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት... ከስብከቱ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ሮይስን እንዴት እንደማዋርደው ሳወጣ ሳወርድ አለቀ። ቅዳሜ 29 የእሳት አደጋ ጣቢያው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ነው። ከተማው ሁሉ ይመጣል። እሱም ይመጣል። እዚያ ቆሜ "ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው" እላለሁ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሽጉጥ፣ ማንካ አያያዝ ላስተምር ቢል የሚሰማው አይኖርም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 18
ቪዲዮውን አየሁት።

መነጽሩን ያወልቅና ዓይኑን ይጠርጋል። እሱም ከእኔ የወሰደው ነው። ከዚያ... "ሽጉጡን እዚያ የተወው አባታችን አልነበረም። ታላቅ እህቴ ነበረች። እባብ ልትገድልበት ወስዳው፣ ጥይቱን ሳታወጣ ወንበር ሥር ወሸቀችው። ዝም አለች። አባታችን ጥፋቱን ተሸክሞ ሞተ።"

ዘጋሁት።

ይሄንን ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። ለሰውም። ለሮይስ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ መኪናችን መንገድ ላይ ተበላሽታ ጎታች መኪና ስንጠብቅ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እባቧን ሳትኳት። ደነገጥኩ፣ መኪናው ወንበር ሥር ወሸቅኩት... ክፍል ውስጥ ሁሌም የምለው "አባቴ ረስቶት" ነው። አባባ ራሱም ረሳሁት ብሎ አመነ። እማማ ከቤት አስወጣችው። ጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ አጠገብ ብቻውን ኖሮ ብቻውን ሞተ። ቀብሩ ላይ አልቆመችም፤ መቃብሩንም እስከ ዛሬ አላየችም።

ታሪኩ የኔ ነው ብል... እህትየዋስ ማን ናት ሊሉኝ አይደል?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 20
ደወልኩለት። "አጥፋው" አልኩት።

"እትዬ፣ ስምዎን አልጠራሁም እኮ።"

"የወንድሜን ሞት ነው የሰረቅከው።"

"የእርስዎ ከሆነ ሰው ፊት ይንገሩዋ። ሲናገሩ ግን ሙሉውን።"

ሳቀ። ቀስ ብሎ። አስልቶበታል ለካ። አፌን በገዛ ጥፋቴ እንደዘጋው ያውቃል። ወይኔ ኔልዳ... ለማን ነው የነገርሽው?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 26
ዝም ብል ቶቢ የሮይስ ወንድም ሆኖ ይቀራል። ብናገር እማማ... አስቀድሜ ለእሷ ልንገራት? ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ራሴን አላታልልም። ስለ እውነት ብዬ አይደለም። ያ ሳቁ ነው። ያንን ሳቅ ከነአፉ ላደርቀው ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 28
ነገ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 29
ተናገርኩ።

ዓሣው ተበልቶ ሳያልቅ ማይክራፎኑን ተቀበልኩ። "የሮይስ ወንድም የምትሉት ልጅ ቶቢ ነው። የኔ ወንድም። ሽጉጡን ወንበር ሥር የወሸቀችው እህትም እኔ ነኝ።" ሮይስ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ በሩ ሲያፈገፍግ አንዱ ሽማግሌ የእሳት አደጋ ሠራተኛ "ሮይስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የማንን እናት ልትቀብርልን ነው?" አለው። አዳራሹ ሳቀበት። ሳቅ ማለት እንዲህ ነው።

እማማን ጎረቤቷ እንደምታመጣት አላወቅሁም ነበር። ንግግሩ መሐል አየኋት፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ ይዛ። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 7
ሮይስ ቪዲዮውን አጠፋ። ክፍሉንም ዘግቷል አሉ። ትናንት እኔ ጋ ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ያ በአንድ ነጥብ የወደቀው ልጅም ተመልሶ መጥቶ አለፈ። የተመኘሁትን አገኘሁ።

እማማ በስምንተኛው ቀን፣ ዛሬ፣ ደወለች። "አባትሽ ጋ ውሰጂኝ።" መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ ሄደች። መቃብር ቦታው በር ላይ አቆምኩ። ምርኩዟን ሰጠኋት። አብሬያት ልወርድ በሬን ስከፍት...

"አንቺ እዚሁ" አለች።

በዚያ ደካማ እግሯ ብቻዋን ሄደች። ድንጋዩን ስትዳብስ ከመኪናው ውስጥ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየች። አልወረድኩም።