ሃምሳ ስምንት እና ሃያ ሦስት

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን፣ አመሻሽ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቷል፤ የከሰል ጭስ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጅሽ ሶሎንጎ፣ አማቷ ወይዘሮ ሃንዳ እና ትንሹ ትሙጌ ነን።

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ዱላም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? በጎቹስ ክረምቱን ቻሉት? በረዶው ሣሩን አልቀበረባችሁም? ከሁሉም በላይ ኦድሴር እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ሁለት ሕፃን ለአንድ እናት ይከብዳል ተብሎ ኦድሴር ወደ አንቺ ሲመጣ፣ ሶሎንጎ መንትያውን ትሙጌን አቅፋ «ይኼኛው እንኳ ይቀርልኛል» ማለቷን ታስታውሻለሽ። አሁን እሱም ሊሄድባት ነው። ነገ ማለዳ ሾፌሩ ዳምባ ከሚስቱ ጋር ወደ እናንተ ይነሳል፤ ይህ ደብዳቤ ከልጁ ጋር ይደርስሻል።

ነገሩን ያመጣው የደም ምርመራ ነው። የኦድሴር ቫይታሚን ዲ ሃምሳ ስምንት መሆኑን የሚያሳየውን የአውራጃውን ሐኪም ቤት ወረቀት ልከሽልን የለ? ዐርብ ዕለት የትሙጌም ውጤት መጣ፤ ሃያ ሦስት። ወይዘሮ ሃንዳ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ሶሎንጎን «አየሽ አንቺ ልጅ? ከአንድ ማኅፀን ወጥተው አያት ያሳደገችው ጠግቧል፣ እናት ያሳደገችው ተርቧል! እግሩ ጎብጦ ያለ ፈረስ የፈረሰኛ እግር ሲሆን ታለቅሻለሽ» አለቻት። ሶሎንጎ የታዘዘለትን የቫይታሚን ጠብታ አንድም ቀን አስታጉላ አታውቅም። ቢሆንም በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ፀሐዩን የሚጋርድበት ጭሱ ይሆናል፣ አክስቴ። ወይም ወተቴ። ወይም እኔው ራሴ» አለችኝ። ጠብታውን እጥፍ ልስጠው ስትለኝ ያለ ሐኪም አይሆንም ብዬ ከለከልኋት እንጂ ሌላ መላ አላገኘሁላትም። እሷም ልጁን ለመላክ ቆረጠች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ልብሱን እያጠፈች ትፈታለች፣ እየፈታች ታጥፋለች።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይቆረቁረኛል። ከቁጥሮቹ ኋላ ያሉት ደቃቅ ፊደላት አንድ አይደሉም። ትርጉማቸውን አላውቅም፤ ሆኖም ወተት በጭልፋም በባልዲም እንደሚሰፈር አንቺም ታውቂያለሽ። ዛሬ ሐኪም ቤቱ ዝግ ነው። ነገ የሚከፈተው ደግሞ ልክ ዳምባ በሚነሳበት ሰዓት ነው። ጥቂት ጠብቀኝ ብዬ ብለምነው «እትዬ ጸርማ፣ እኔ ብጠብቅሽ ሞተሩ አይጠብቅሽም። ዘይቱ ከረጋ እስከ ጸደይ እዚሁ እናንተው ትቀልቡኛላችሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ለባለቤትሽ ለጋሽ ሎዶይ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኦድሴርን ግንባሩን ሳሚልኝ። ሽማግሌው ውሻችሁ ካለ እሱንም እጅሽን አስልሺልኝ።

ሰኞ ጠዋት። ይህን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ሳይነጋ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆምሁ። የላቦራቶሪዋ ሴት ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ሁለቱን ወረቀቶች ዘረጋሁላት። «ሁለቱም ልክ ናቸው። መስፈሪያቸው ነው የተለያየው፤ የእኛ በናኖግራም ነው፣ የአውራጃው በናኖሞል። የእኛን ሃያ ሦስት በሁለት ተኩል አባዢው» አለችኝ። እየሮጥሁ አባዛሁ። በረዶው ላይ ወደቅሁ፣ ስሌቱ ጠፋብኝ፣ ተነሥቼ እንደገና ጀመርሁ። ሃምሳ ሰባት ተኩል! ልጆቹ እኩል ናቸው እትዬ! እዚያው ሳለሁ ሐኪሟም ወረቀቶቹን አይታ፣ ሁለቱም ጠግበው ባይተርፋቸውም የሚያስፈራ ጉድለት የለባቸውም፤ ጠብታው እንደታዘዘው ይቀጥል፣ አንዲት ጠብታ አይጨመር፣ በጸደይ እንደገና ይመርመሩ ብላለች። ለኦድሴርም እንዲሁ አድርጊ።

ቤት ስደርስ የዳምባ መኪና ሞተሩ ተነሥቷል። ትሙጌ በበግ ለምድ ተጠቅልሎ የዳምባ ሚስት ጭን ላይ ተቀምጧል። ሶሎንጎ መንገደኛ ሲሸኝ ከኋላው የሚረጨውን ወተት በሳህን ይዛ ቆማለች። «አውርዱት!» አልሁ፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበረኝም። ስረጋጋ ያባዛሁትን ነገርኋቸው። ወይዘሮ ሃንዳ ወረቀቶቹን አገላብጣ አየች፣ አኮረፈች፣ ከዚያም «ታዲያ ምን ይገትራችኋል? ልጁን ብርድ መታው እኮ!» ብላ በሩን ራሷ ከፈተችልን።

ዳምባ ውጭ ይህን ደብዳቤ እየጠበቀ «እኔንስ ማን ሊሸኘኝ ነው?» እያለ ጥሩምባውን ይነፋል። ሶሎንጎ አልሰማችውም። ለመንገዱ የቀዳችውን ወተት ምድጃው ላይ አሙቃ ለትሙጌ እያጠጣችው ነው።

ታናሽሽ ጸርማ
ኡላንባታር፣ ጥር 13 ቀን