ከአንጋጫ ያልመጣው ቡላ

ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ዕለተ ቅዳሜ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ሆሳዕና ከተማ በገዛ ቤቴ ተጻፈ።

እኔ ባፈና ወልደ ማርያም፣ የሰባ ሁለት ዓመት ባልቴት፣ ጨጓራዬ እህል አልቀበልም ካለኝ ሦስት ወር ያለፈኝ፣ ነገር ግን አእምሮዬ እንደ ቀድሞው የሆነ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በዚህ ሰፈር ማን ከማን ጋር በምን ምክንያት እንደተኳረፈ ይጠይቀኝ።

ጸሐፊው ብሩ ነው፤ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ ሰው። የምናገረውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። “እሜቴ፣ ሕጉ የሚፈልገው ንብረቱንና ወራሹን ብቻ ነው” ቢለኝ፣ “የምናዘዘው እኔ ነኝ፤ ሕጉ አይደለም። ጻፍ” ብዬዋለሁ። ይህንንም ጽፎታል።

ባለቤቴ አቶ ተክለ ሃይማኖት ባረፉ በአርባኛው ቀን፣ በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ ያጻፍሁት ኑዛዜ ዛሬ ፈርሷል። በዚያ ወረቀት ንብረቴን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ ለአክሊሉ ሰጥቼ፣ አንዲት ልጄን አስናቀችን ከውርስ ነቅዬ ነበር። አስናቀች ይህ ሲጻፍ ከግቢዬ በር ውጭ ቆማለች። አሥር ዓመት በዚህ በር አልገባችም። ትግባ ወይስ ትመለስ የሚለው የሚለየው ወረቀቱ ሲያልቅ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ በተራው እናገራለሁ።

ዘንድሮ ያልሰማሁት ጉድ የለም። ባለፈው ወር ሬዲዮኑ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተራመደ አለ። ወጥቼ ቀና ብል፣ ሐምሌ ነውና ደመናው ጥቅጥቅ ብሎ ጨረቃዋም የለች፣ ሰውየውም የለ። የነፍስ አባቴን አባ ተክለጊዮርጊስን ብጠይቃቸው “መውጣቱንስ ይውጣ፣ እንዴት ሊወርድ ነው?” ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም አላልሁም። ለመጣ ሁሉ “ውሸት ነው” ስል ከረምሁ።

አንደኛ፦ ይህንኑ ሬዲዮን ላመጣልኝ ለአክሊሉ መልሼለታለሁ። እኔን ማስደንገጥ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። የአዲስ አበባ ተማሪዎች አንማርም ብለው ወጡ ሲል ሰማሁት። ወንድሞቼ ፊደል ሲቆጥሩ በመስኮት ተንጠልጥዬ ማንበብ የለቀምሁ ሰው ነኝ፤ መጻፉን ግን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት እምቢ የሚባል ነገር መሆኑን ስሰማ አፌን ይዤ ቀረሁ። አክሊሉ ቢሮ ያለችው ታይፒስት ነገርም ይጻፍልኝ። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ሲያልቅ አይቼ፣ ጨርቅ አንሷት ነው ብዬ ሁለት ክንድ አቡጀዲ ላክሁላት። አመስግና የትራስ ልብስ አደረገችው። ሬዲዮኑን ይውሰድ፤ ባትሪ ድንጋዩን ራሱ ይግዛ።

ሁለተኛ፦ ሌሞ ካለው መሬቴ በወንዙ በኩል ያለው እኩሌታ ለአክሊሉ ይሁን። አክሊሉ ክፉ ሰው አይደለም። ስታመም በቃሬዛ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ያልሁትን ሁሉ “ልክ ነው አክስቴ” ይላል። ጨረቃ ላይ የወጣ የለም ስለው ልክ ነው አክስቴ፤ ሳይወጣ አልቀረም ስለው ልክ ነው አክስቴ። ልጄን ክጄያታለሁ ስለውም ልክ ነው አክስቴ ነበር ያለኝ። ያን ጊዜ አንድ ሰው “ልክ አይደለም” ቢለኝ ምን ነበረበት?

መሬቱን ሲረከብ የማዝዘው ነገር አለ። የጭሰኛ ሕግ ይወጣል እየተባለ ይወራል፤ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ወጣም ቀረም፣ ገበሬዎቹ አባቶቻቸው እንሰት የተከሉበትን ጓሮ እንዳይነካ።

ሦስተኛ፦ የእጅ ወፍጮዬ ለማንም አይሰጥ። አቶ ትርፌ ባለ ሞተሩን ወፍጮ ያመጡ ጊዜ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል ብዬ ሁለት ዓመት እህሌን አላስፈጨሁም። አቶ ትርፌ እዚህ ለምስክርነት ተቀምጠው ይሥቃሉ። ይሣቁ፤ ዱቄቱ እውነትም ናፍጣ ይላል። ቢሆንም የስንቷን ሴት ወገብ አሳርፏል፤ ይህንንም ጻፍ። ድንጋዩን ከነመጁ የደጄ መረገጫ አድርጉት።

እዚህ ላይ ጎረቤቴ ወይዘሮ ገነቴ ተነሥታ፣ “እትዬ ባፈና፣ ልጅቷ እኮ በሩ ላይ ነች። ዝናቡም ጀመረ” አለችኝ። “ትጠብቅ፤ የማወጣው ነገር አለኝ። ሳልጨርሰው ብትገባ አፌ ይያዛል” አልኋት። ገነቴ ጃንጥላ ይዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። አልከለከልኋትም።

አራተኛ፦ አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ።

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. አስናቀች የጊምቢቹውን መምህር ማቴዎስን አገባች። ልጁ ሀዲያ ነው፤ የሚሲዮን ሰው ነው። እኔ ያሰብሁላት ሌላ ነበር። የሄደች ዕለት በሩ ላይ ቆሜ፣ አባ ተክለጊዮርጊስ እየሰሙ፣ “ከእጅሽ እህል ብቀምስ መድኃኔዓለም ይፍረድብኝ፤ በዚህ በርም አትገቢም” ብዬ ማልሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሱም። የተስማሙ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ የገብስ ነጋዴ ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይተው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በቅሏቸውን ጭነው ከምባታ አገር፣ አንጋጫ ገበያ መሄድ ጀመሩ። ሲመለሱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ያመጡልኛል። እኔ እናቴ “እንሰት ሥር ነው፣ ምግብ አይደለም” ብላ ያሳደገችኝ ነኝ። ያ ቡላ ግን ሌላ ነበር። ነጭ ነው፣ ገንፎው ሲገነፋ ጓል የለውም፣ ጨጓራዬ ላይ ሲያርፍ ሕመሙ ዝም ይላል። “የአንጋጫዋ ሴትዮ እጇ ይባረክ፤ ለመሆኑ ደኅና ናት?” እላቸዋለሁ። “ደኅና ናት” ይሉኛል፣ ፊታቸውን ወደ በቅሏቸው አዙረው። በቡላ የከምባታን ሴት የሚያህል የለም እያልሁ የሀዲያ ጎረቤቶቼን ስንት ዓመት አስቀይሜያለሁ። ገነቴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ነቀነቀች። ይቅር በይኝ፣ ገነቴ።

ባለቤቴ ሲያርፉ ቡላውም ቀረ። ዘንድሮ ሕመሜ ጠንቶ እህል ሁሉ ሲያስጠላኝ አንጋጫ ሰው ላክሁ። አንዱ አመጣ፤ እሱ አይደለም። ሌላው አመጣ፤ እሱ አይደለም። አክሊሉ ራሱ ሄዶ ገበያውን ሲዞር ውሎ መጣና “አቶ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ደንበኛ የነበራት ቡላ ሻጭ የለችም አክስቴ” አለኝ። ሴትዮዋ ሞታለች ማለት ነው ብዬ ነፍስ ይማር አልሁ። ከልቤም አዘንሁላት።

ወሬው ጊምቢቹ ደረሰ። የዛሬ ሁለት ሳምንት አስናቀች ቡላ ላከችልኝ። ጥቅሉን ሳልፈታ ከበር አስመለስሁት። በማግሥቱ ማቴዎስ ራሱ መጣ፤ በአንድ እጁ ያንኑ ጥቅል፣ በሌላው እጁ አንድ ሣጥን ይዞ። በሩ አይከፈትም አልሁ። አልተቆጣም። “እሺ እሜቴ፣ አልገባም። ይኼ ግን የአባባ ነው” አለና ሣጥኑን ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር ተጫነ።

ባለቤቴ ተናገሩ።

አፈር ከለበሱ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጉሮሯቸውን እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ ጠርገው ተናገሩ። ነጠላዬ ወድቆ፣ በባዶ እግሬ ጭቃው ላይ ወጣሁ። “አንቱ! የት ሆነው ነው?” ብዬ ጮኽሁ። ሠራተኛዬ እሪ ብላ ወደ ገነቴ ቤት ሮጠች። እሳቸው አልመለሱልኝም፤ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። እኔ በሩን ከፍቼ፣ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኬ፣ መልስ እጠብቅ ነበር። ማቴዎስ ነው ትከሻዬን ይዞ “ቴፕ ነው እሜቴ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እኛ ቤት የቀዳሁት ነው” ያለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ቢባል አልከራከርም። የፈለገበት ይውጣ።

የተናገሩት ቃል በቃል ይጻፍ፦

“አስናቁ፣ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልዪው፤ መንገድ ላይ እንዳይፈታብኝ። እናትሽ ‘የአንጋጫዋ ሴትዮ ደኅና ናት?’ ትለኛለች። ደኅና ናት እላታለሁ። ውሸቴን ነው?”

የማቴዎስ ድምፅ ደግሞ፣ “አባባ፣ እሜቴ ያወቁ ዕለትስ?” አለ።

“አፏ እምቢ ይበል። ሆዷ ልጇን ያውቃል” አሉና ሣቁ።

አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ በቤቴ እንዲህ ሲሥቁ ሰምቼ አላውቅም። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ነው የሣቁት፤ ሕፃናትም አብረው ይሥቃሉ። የልጅ ልጆቼን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ተናደድሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ተታልያለሁና። አፈርሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ቀናሁ። እኔ ፊታቸው ስቀመጥ ዝም የሚሉት ሰው፣ ሣቃቸውን ጊምቢቹ እያስቀመጡ ይመጡ ነበር።

አባን አስጠርቼ “ሳላውቅ የበላሁት መሐላዬን ያፈርሳል ወይ?” አልኋቸው። አባ በጣታቸው ቆጠሩ። “በወር ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ዓመት... ባፈና፣ ይህ መሐላ ዱሮ ተበልቶ አልቋል” አሉኝ። ስለ መማሌ ንስሐ ሰጥተውኛል፤ ፈጽሜያለሁ። ቡላውን ግን ያን ቀንም አልቀመስሁም። አሥር ዓመት በበር ያቆምኋትን ልጅ በሰው እጅ ተቀብዬ ልበላላት አልፈለግሁም፤ ዛሬ ራሷ ይዛ እንድትመጣ ላክሁባት።

ስለዚህ፣ የምኖርበት ቤት ከነግቢው፣ የሌሞው መሬት ቀሪ እኩሌታ፣ የአባቷም የበቅሎ ኮርቻ ለልጄ ለአስናቀች ይሁን። ኮርቻውን ለይቼ የጠራሁት ያን ሁሉ መንገድ እውነቱን ሲያውቅ የኖረ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ክጄሻለሁ ያልሁትን ቃል አንሥቻለሁ። እዚሁ የተቀመጠው አክሊሉ ይህን ሲሰማ “ልክ ነው አክስቴ” አለ። ዛሬ ገና ልክ ተናገረ።

አምስተኛ፦ የባለቤቴ ካፖርት ለማቴዎስ ይሰጥ፤ በቁመት ይስማማዋል። አደራም አለኝ። በቴፑ ክር ላይ ሌላ ድምፅ ቢቀዳበት የፊተኛው ይጠፋል ብሎኛል። ይህም ሌላ ጉድ ነው። ሰውን ከመቃብር አውጥቶ የሚያናግር ዕቃ፣ አንድ ጣት ቢሳሳት መልሶ ይቀብረዋል። ያን ሣቅ ማንም እንዳይነካብኝ። በቀብሬ ዕለት አይከፈት፤ ለቀስተኛው ይደነግጣል። በሙት ዓመቴ ግን ይከፈት፤ የልጅ ልጆቼ አያታቸው ሲሥቁ ይስሙ።

ጨርሻለሁ። ብሩ፣ የጻፍኸውን አንብብልንና በሩን ክፈቱላት።

የጸሐፊው ቃል፦ ከላይ የተጻፈው ተናዛዧና አራቱ ምስክሮች በአንድነት ባሉበት ተነቧል፤ ተናዛዧም ቃሌ ነው ብለዋል። ከዚያ ወይዘሮ ገነቴ በሩን ከፈቱ። ወይዘሮ አስናቀች ጃንጥላው ሳያድናት በዝናብ ርሳ፣ ጥቅሉን በነጠላዋ ሸፍና ገባች፤ ከደጃፉም አላለፈችም። ተናዛዧ ከአልጋቸው ቀና ብለው አዩዋት። ቀጥሎ ያለው እንዲጻፍ አላዘዙኝም፤ እኔ በራሴ ጽፌዋለሁ።

“የአንጋጫዋ ሴትዮ፣ ደኅና ነሽ?” አሉ።

“ደኅና ነኝ፣ እማዬ” አለች።

ገንፎው እስኪደርስ ፊርማው እንዲቆይ ተናዛዧ ስላዘዙ ሁላችንም ተቀምጠን ጠብቀናል። ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ሳህኑን ጨርሰዋል።

ምስክሮች፦
ቄስ ተክለጊዮርጊስ ኃይሌ፣ ፊርማ
አቶ ትርፌ ላምቤቦ፣ ፊርማ
አቶ ሽብሩ ሎምበሶ፣ ባለ ጋሪ፣ የጣት አሻራ
ወይዘሮ ገነቴ ሃንዲኖ፣ ፊርማ

የተናዛዧ የወይዘሮ ባፈና ወልደ ማርያም የቀኝ አውራ ጣት አሻራ። ጣታቸው ላይ ቡላ ስለነበረ የመጀመሪያው አሻራ ደብዝዟል፤ ከታቹ ሁለተኛ ተደርጓል። ሁለቱም የእሳቸው ናቸው።